ፋየርዎሉ 1 ጊጋ፣ ስዊቹ 10 ጊጋ፤ ይገናኛሉ ወይ?

ሰሞኑን ከደብረ ብርሃንም ከሸዋ ሮቢትም ይኸው ጥያቄ እየተደጋገመ ነው፦ ኔትወርኩን ከውጭ የሚጠብቀው ዕቃ (ፋየርዎል) ፖርት 1 ጊጋቢት በሰከንድ፣ የቢሮውን ዕቃዎች የሚያገናኘው (ስዊች) ፖርት ደግሞ 10 ሲሆን። አጭሩ መልስ፦ የሁለቱ ፖርቶች (የኬብል መሰኪያዎች) ከፍተኛ ፍጥነት እኩል መሆን የለበትም። ሁለቱም የሚችሉት አንድ የጋራ ፍጥነት ካለ ይበቃል።

በመዳብ ኬብል ከሆነ ሁለቱንም ጫፍ አውቶ ላይ ተዉት። ራሳቸው ተነጋግረው የሚችሉትን ትልቁን ይመርጣሉ።

ጣጣው የሚመጣው አንዱን ወገን ብቻ በእጅ ስትቆልፉ ነው። ደብረ ብርሃን ያለ አንድ ቢሮ እናስብ። ፋየርዎሉ 100 ሜጋ፣ ፉል ዱፕሌክስ (በአንድ ጊዜ መላክም መቀበልም) ተብሎ ተቆልፏል፤ ስዊቹ አውቶ ላይ ነው። ስዊቹ ፍጥነቱን ከሲግናሉ ያውቀዋል። ዱፕሌክሱን ግን የሚነግረው ስለሌለ ሃፍ ዱፕሌክስ (በተራ መላክና መቀበል) ይይዛል። ፋየርዎሉ እየላከ ይቀበላል፣ ስዊቹ ተራ ይጠብቃል። መብራቱ ይበራል፣ ፒንግም (ትንሿ የሙከራ መልእክት) ይመልሳል፤ ትልቅ ፋይል ሲላክ ግን ይንቀራፈፋል። ከዚያ ስድቡ ሁሉ ኢንተርኔት አቅራቢው ላይ!

የፖርቶቹን የስህተት ቆጣሪ እዩ። በፉሉ በኩል የሲአርሲ ስህተት (ተበላሽቶ የደረሰ ዳታ)፣ በሃፉ በኩል ሌት ኮሊዥን (ዘግይቶ የመጣ ግጭት) እየጨመረ ከሆነ ነገሩ ይኸው ነው። መቆለፍ ግድ ከሆነ ሁለቱንም አንድ ዓይነት ቆልፉ። በ1 ጊጋ መዳብ ላይ ግን አውቶን አታጥፉ፤ ስታንዳርዱ ራሱ ይጠይቀዋል።

እንደ ዕቃው የሚለያየው የፋይበሩ ነገር ነው። የ1 ጊጋ ሞጁል (ፋይበሩ የሚሰካበት ተነቃይ ዕቃ) የሚቀበል የ10 ጊጋ ኤስኤፍፒ ፕላስ ፖርት (የሞጁል ማስገቢያ) አለ፣ የማይቀበልም አለ። አንዳንዱ ደግሞ ፍጥነቱን በእጅ ካላወረዳችሁለት ሊንኩ አይነሳም። ሞጁሉን ከመግዛታችሁ በፊት የሁለቱንም ሞዴል ዝርዝር አንብቡ።