የሥራ ቦታ ሳይኮሎጂ በሁለተኛ ዲግሪ ደረጃ ምንድን ነው?

የሥራ ቦታ ሳይኮሎጂ ሰው ለሥራ እንዴት እንደሚመረጥና እንደሚሠለጥን፣ ምን እንደሚያተጋውና ምን እንደሚያዝለው፣ ከባልደረቦቹና ከአለቃው ጋር እንዴት ተግባብቶ እንደሚሠራ በሳይንሳዊ ዘዴ የሚመረምር የሳይኮሎጂ ዘርፍ ነው። በዩኒቨርሲቲዎች ዘንድ አብዛኛውን ጊዜ የሚጠራው «የኢንዱስትሪና የድርጅት ሳይኮሎጂ» በሚል ስም ነው። ጅማ ውስጥ በባንክ፣ በሆስፒታል ወይም በመንግሥት መሥሪያ ቤት እየሠሩ ማስተርሳቸውን ለመቀጠል የሚያስቡ ሰዎች ስለዚህ ዘርፍ ሲጠይቁ ከሁለት ግምቶች አንዱን ይዘው ይነሣሉ፤ ዘርፉ የተጨነቀ ሠራተኛን ማማከር ይመስላቸዋል፣ አለዚያም በስብሰባ አዳራሽ ሠራተኛን የሚያነቃቃ ንግግር ማድረግ ይመስላቸዋል። ሁለቱም ከዋናው ጉዳይ የራቁ ናቸው። በድኅረ ምረቃ ደረጃ ይህ ትምህርት ከሁሉ በፊት የልኬት ትምህርት ነው፤ ይህን ሳያውቅ የተመዘገበ ተማሪ በመጀመሪያው ሴሚስተር ስታቲስቲክስ ሲገጥመው ሌላ ክፍል የገባ ይመስለዋል።

ከሰው ሀብት አስተዳደር ጋር ያለው ዝምድና የቅርብ ነው፤ ነገር ግን የሰው ሀብት ባለሙያ ቅጥርን፣ ዝውውርንና የደረጃ ዕድገትን በደንቡ መሠረት ሲያስፈጽም፣ የሥራ ቦታ ሳይኮሎጂ ተማሪ የሚጠይቀው ያ የቅጥር ፈተና በእርግጥ ጥሩ ሠራተኛን ከደካማው ይለያል ወይ ብሎ ነው።

ጥያቄው ከመቶ ዓመት በላይ ዕድሜ አለው። ጀርመን ተወልዶ በአሜሪካ ሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ያስተምር የነበረው ሁጎ ሙንስተርበርግ ሳይኮሎጂን ከኢንዱስትሪ ውጤታማነት ጋር ያገናኘውን መጽሐፉን በእንግሊዝኛ ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1913 ነበር። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1917 ወደ አንደኛው የዓለም ጦርነት ስትገባ በሳይኮሎጂ ባለሙያው በሮበርት ይርክስ የተመራ ቡድን ማንበብ ለሚችሉ ምልምሎች «አልፋ»፣ ለማይችሉት ወይም እንግሊዝኛ ለማያውቁት ደግሞ «ቤታ» የተባሉ ፈተናዎችን አዘጋጀ፤ 1.7 ሚሊዮን ገደማ ሰዎችም ተፈተኑ። እ.ኤ.አ. ከ1924 ጀምሮ በቺካጎ አጠገብ በሚገኘው የሆቶርን ፋብሪካ የተካሄዱት ጥናቶች ደግሞ ትኩረቱን ከግለሰቡ ችሎታ ወደ ቡድኑና ወደ አለቃው አዞሩት። ሠራተኞች ስለተጠኑ ብቻ ምርታቸው ጨመረ የሚለው ዝነኛ ትረካ የመጣው ከዚያ ነው፤ ከዘመናት በኋላ መረጃውን እንደገና የመረመሩ ሰዎች ያገኙት ማስረጃ ግን ትረካው የሚለውን ያህል ጠንካራ አልነበረም። የድኅረ ምረቃ ተማሪ ሁለቱንም፣ ትረካውንም ትችቱንም፣ እንዲያውቅ ይጠበቅበታል።

የምርጫና የቅጥር ጥናት የዘርፉ አንጋፋ ክፍል ነው። በከተማችን የማስታወቂያ ሰሌዳዎች ላይ የሚለጠፉ የሥራ ማስታወቂያዎችን ያነበበ ሰው ሁለት መስፈርቶች ጎልተው እንደሚታዩ ያውቃል፤ የሥራ ልምድ ዓመትና የተመረቁበት አማካይ ውጤት። ፍራንክ ሽሚትና ጆን ሀንተር የ85 ዓመታት ምርምርን አጠቃለው እ.ኤ.አ. በ1998 ባወጡት ጥናት ግን የሥራ ልምድ ዓመታት ከቅጥር በኋላ ከሚታየው የሥራ አፈጻጸም ጋር ያላቸው ተዛምዶ 0.18 ብቻ ነበር፤ 0 ማለት ምንም ዝምድና የለም፣ 1 ማለት ፍጹም ዝምድና አለ ማለት ነው። በዚያው ጥናት ለሁሉም አመልካች አንድ ዓይነት ጥያቄ ቀርቦ መልሱ አስቀድሞ በተዘጋጀ የነጥብ መስጫ የሚመዘንበት ቃለ መጠይቅ 0.51 ሲያገኝ፣ ጠያቂው በመሰለው መንገድ የሚመራው ልማዳዊ ቃለ መጠይቅ 0.38 አገኘ። ፖል ሳኬትና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2022 ስሌቱን አርመው አኃዞቹን ወደ 0.42 እና 0.19 ዝቅ ቢያደርጓቸውም የሁለቱ ልዩነት ሰፋ እንጂ አልጠበበም። በእኔ ግምት ለአንድ መሥሪያ ቤት ከዚህ ዘርፍ በርካሽ የሚገኘው ትልቁ ጥቅም ይህ ነው፤ የቃለ መጠይቁን ጥያቄዎችና የነጥብ አሰጣጡን አስቀድሞ መጻፍ ከወረቀትና ከጥቂት ሰዓታት በላይ አይጠይቅም። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከ60 የሥራ ቀናት እንዳይበልጥ የተወሰነው የሙከራ ጊዜም በዚህ ዓይን ሲታይ ከፎርማሊቲ ያለፈ የምዘና ዕድል ነው፤ ምን እንደሚመዘን ግን ሠራተኛው ሥራ ከመጀመሩ በፊት መታወቅ አለበት።

ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ፣ ማለትም «ጥሩ አፈጻጸም» ራሱ ምንድን ነው የሚለው፣ ዘርፉን የሚያስቸግረውም የሚያስደስተውም ጥያቄ ነው። ለዚህ ከቡና የተሻለ ምሳሌ ጅማ ላይ አይገኝም። በለቀማ ወቅት ለቃሚው የሚከፈለው በኪሎ ከሆነ ኪሎ ብቻ የአፈጻጸሙ መለኪያ ሆነ ማለት ነው። ለቃሚው ብልህ ነውና ቅርንጫፉን ከላይ እስከ ታች ጠርጎ ቀዩን እሸት ከአረንጓዴው ጋር ያወርዳል፤ ሚዛኑ ይከብዳል፣ የታጠበው ቡና ጥራት ግን ይወርዳል፣ ቅርንጫፉም ለመጪው ዓመት ይጎዳል። ተቆጣጣሪው ሰነፍ ወይም አታላይ ለቃሚ አገኘሁ ብሎ ሊቆጣ ይችላል። የሥራ ቦታ ሳይኮሎጂ ተማሪ ግን ጥፋቱን የሚፈልገው በመለኪያው ውስጥ ነው። መለኪያው ከሥራው ዋና ክፍሎች አንዱን፣ የቀይ ፍሬውን ንጽሕና፣ ሳያካትት ቀርቷል፤ ይህ በመማሪያ መጻሕፍት የመለኪያ ጉድለት ይባላል። በተቃራኒው ደግሞ ለቃሚው የማይቆጣጠረው ነገር፣ ለምሳሌ የደረሰበት ተራ ያፈራ ወይም ያላፈራ መሆኑ፣ በውጤቱ ውስጥ ይገባል፤ ይህም የመለኪያ ብክለት ነው። መፍትሔው ክፍያውን በኪሎና በንጽሕና አጣምሮ መስጠት ነው ብሎ መናገር ቀላል ነው፤ ንጽሕናውን ማን፣ በምን ናሙና፣ በስንት ደቂቃ ይመርምረው የሚለውን መመለስ ግን የአንድ ሙሉ የመመረቂያ ጽሑፍ ሥራ ነው። ይኸው ችግር በባንክ በተከፈተ የሒሳብ ደብተር ብዛት፣ በጤና ተቋም በታየ የታካሚ ቁጥር፣ በመንግሥት መሥሪያ ቤትም በየስድስት ወሩ በሚሞላው የአፈጻጸም ቅጽ ላይ መልኩን ቀይሮ ይታያል።

የድርጅት ክፍሉ ደግሞ ስለ ተነሣሽነት፣ ስለ አመራር፣ ስለ ፍትሐዊነትና ስለ ጫና ያስተምራል። ፍሬድሪክ ኸርዝበርግ እ.ኤ.አ. በ1959 ያቀረበው፣ ደመወዝና የሥራ ሁኔታ ቅሬታን ያስወግዳሉ እንጂ እርካታን አይፈጥሩም የሚለው ሐሳብ በተማሪዎቻችን ዘንድ እጅግ ይወደዳል፤ ከሚገባው በላይ ይመስለኛል። ሰው ስለ መልካም ጊዜው ሲጠየቅ ለራሱ ጥረት፣ ስለ ክፉ ጊዜው ሲጠየቅ ለመሥሪያ ቤቱ ምክንያት መስጠቱ የተለመደ ስለሆነ፣ የኸርዝበርግ ግኝት ከአጠያየቁ የመነጨ ሊሆን ይችላል የሚለው ትችት እስካሁን አልተዘጋም። ለጅማ የሚበጀው ሮበርት ካራሴክ እ.ኤ.አ. በ1979 ያቀረበው ሞዴል ነው ባይ ነኝ። በእርሱ አመለካከት ሰውን አብዝቶ የሚጎዳው የሥራ ብዛት ብቻውን ሳይሆን፣ ከፍተኛ የሥራ ጫና በሥራው ላይ የመወሰን ሥልጣን ከማነስ ጋር ሲገናኝ ነው። በሌሊት ተራ ብዙ ታካሚ የምትከታተል ነርስና በኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ የመስመሩ ፍጥነት በሌላ ሰው የሚወሰንባት የስፌት ሠራተኛ ድካማቸው በዚህ ሞዴል በአንድነት ሊጠና ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅትም በሥራ መዛልን በ11ኛው የበሽታዎች ምደባው ያሰፈረው በበሽታነት ሳይሆን ከሥራ ጋር በተያያዘ ክስተትነት ነው፤ ስለዚህ ጥናቱ ሠራተኛዋን ብቻ መርምሮ ሊያበቃ አይችልም፣ ሥራውንም ይመረምራል።

ወደ ልኬት ስንመለስ፣ ጅማ ላይ የሚሠራ ተማሪ አንድ ተጨማሪ ሸክም አለበት። በእንግሊዝኛ የተዘጋጀ መጠይቅ ወደ አፋን ኦሮሞም ወደ አማርኛም መተርጎም አለበት፤ ከዚያም የመጀመሪያውን ጽሑፍ ያላየ ሌላ ተርጓሚ ወደ እንግሊዝኛ ይመልሰውና ሁለቱ ይነጻጸራሉ። ይህ ሆኖም የመጠይቁ ጥያቄዎች እርስ በርስ ምን ያህል እንደሚስማሙ የሚያሳየው፣ ክሮንባህ አልፋ የሚባለው የአስተማማኝነት መለኪያ ከ0.70 በላይ ስለወጣ ብቻ መጠይቁ ትክክለኛውን ነገር ለካ ማለት አይደለም፤ ሁሉም ጥያቄዎች አንድ ላይ ተስማምተው የተሳሳተውን ነገር ሊለኩ ይችላሉ። ስለዚህ ለጥቂት ሠራተኞች ጥያቄውን አንብቦ «ይህን እንዴት ተረዱት?» ብሎ መጠየቅ ከብዙ ሠንጠረዥ ይቀድማል። በ1992 ዓ.ም. የግብርና ኮሌጁና የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩቱ ተዋሕደው የተመሠረተው ጅማ ዩኒቨርሲቲ ተማሪን ወደ ማኅበረሰቡ በማውጣት ትምህርት የታወቀ በመሆኑ፣ ከቢሮ ወጥቶ ሥራው ወደሚሠራበት ቦታ መሄድ ለከተማው እንግዳ ነገር አይደለም።

ለመግባት የመጀመሪያ ዲግሪ፣ በትምህርት ሚኒስቴር የሚሰጠውን ብሔራዊ የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና ማለፍና ተቀባይ ትምህርት ክፍሉ የሚጠይቀውን ማሟላት ያስፈልጋል። ትምህርቱ በአገራችን እንደ ሌሎች የማስተርስ ፕሮግራሞች በተለምዶ ሁለት ዓመት ይወስዳል፤ የመጨረሻው ክፍል የመመረቂያ ጽሑፍ ነው።

ጽሑፉ ላይ ብዙ ተማሪዎች የሚሰናከሉት በስታቲስቲክሱ ሳይሆን በሚስጥር አጠባበቁ ነው። ተማሪው የትብብር ደብዳቤ ይዞ ወደ መሥሪያ ቤቱ ይሄዳል፣ ኃላፊው ይፈቅዳል፣ መጠይቁም በአለቆች እጅ ይበተናል፤ ሠራተኛው ደግሞ «ከአፍ ከወጣ አፋፍ» ብሎ ሁሉን ነገር «እስማማለሁ» ላይ ያከብባል። እንዲህ የተሰበሰበ መረጃ የሚለካው እርካታን ሳይሆን ጥንቃቄን ነው። ስለዚህ መጠይቁን ተማሪው ራሱ አድሎ በታሸገ ፖስታ ራሱ ይሰብስብ፤ ስም አያስጽፍ፤ ከኃላፊው ጋርም ሥራው ሳይጀመር ውጤቱ በጥቅል ብቻ እንደሚቀርብ በጽሑፍ ይስማማ። አራት ሠራተኞች ብቻ ያሉት የሥራ ክፍል ውጤት ለብቻው ሊቀመጥ አይገባም፤ ዕድሜ፣ ጾታና የአገልግሎት ዘመን በአንድ ሠንጠረዥ ላይ ሲገናኙ ኃላፊው ማን ምን እንዳለ ያለ ስምም ያውቃልና።