በተክል ለለማ የጋራ አኳሪየም የወለል ዓሦች አመራረጥ

ጠባያቸው የተስማማ የተለያዩ የዓሣ ዝርያዎች ሕይወት ባላቸው የውኃ ተክሎች መካከል አብረው የሚኖሩበት የመስታወት ገንዳ የጋራ አኳሪየም ይባላል። በዚህ ገንዳ ውስጥ ዓሦች ውኃውን በከፍታ ተከፋፍለው ይይዙታል፤ እንደ ኒዮን ቴትራና ራስቦራ ያሉት መካከሉን በመንጋ ሲዋኙበት፣ ጉራሚዎች ወደ ላይኛው ክፍል ያዘነብላሉ፣ የወለል ዓሦች የሚባሉት ደግሞ ምግባቸውንም መጠለያቸውንም ከታች ከአሸዋው፣ ከድንጋዩና ከእንጨቱ ሥር ያገኛሉ። በገበያ ላይ ከሚገኙት የወለል ዓሦች አብዛኞቹ ከሁለት ወገን ይመደባሉ። አንደኛው የኢትዮጵያ አንባቢ በአምባዛ የሚያውቀው፣ በአፉ ዙሪያ ሪዝ ያለው ወገን ነው። ሁለተኛው ሎች ተብሎ የሚጠራው፣ ሰውነቱ ረዘም ያለና በብዛት በእስያ ወንዞችና ጅረቶች የሚኖረው፣ በዘሩ ግን ከአምባዛ ይልቅ ለጣና ሐይቅ ባርበሶች የሚቀርበው ነው።

የወለል ዓሣ አብዛኛውን ጊዜ የሚገዛው በመጨረሻ ነው፤ የገንዳው መካከል በሚያማምሩ ዓሦች ከተሞላ በኋላ፣ ታች የሚወድቀውን ትርፍራፊ እንዲለቅምና ወለሉን እንዲያጸዳ ታስቦ። ይህ አስተሳሰብ ለዓሣውም ለገንዳውም አይበጅም። የሌላውን ዓሣ ዓይነ ምድር በልቶ የሚኖር የአኳሪየም ዓሣ የለም፤ የወለል ዓሣም እንደማንኛውም ዓሣ ይበላል፣ ቆሻሻም ያወጣል፤ ስለዚህ ቁጥሩ በጨመረ መጠን ውኃው ውስጥ የሚገባው አሞኒያ ይጨምራል እንጂ አይቀንስም። አሞኒያውን መጀመሪያ ወደ ናይትራይት፣ ቀጥሎም ጉዳቱ ወደሚያንሰው ናይትሬት የሚለውጡት በማጣሪያውና በወለሉ ላይ የሚራቡ ባክቴሪያዎች ሲሆኑ፣ ተክሎቹም ከአሞኒያውም ከናይትሬቱም እየወሰዱ ለዕድገታቸው ይጠቀሙበታል። ትርፍራፊ ብቻ እየበላ እንዲኖር የተተወ የወለል ዓሣ ደግሞ በመራብ ብዛት ቀስ በቀስ ይከሳል፤ ሆዱ ወደ ውስጥ የገባ ዓሣ ሲታይም ብዙውን ጊዜ ጊዜው አልፏል። በውኃ ውስጥ ወዲያው የሚሰጥም እንክብል ምግብ፣ አልፎ አልፎም የቀዘቀዘ ቀይ የትንኝ እጭ ሊሰጣቸው ይገባል። ሌሊት የሚበሉት ዝርያዎች ከሆኑ ምግቡ መብራቱ ከጠፋ በኋላ ቢጣል የተሻለ ነው፤ አለበለዚያ ከላይ ያሉት ዓሦች ይሻሙባቸዋል።

አመራረጡ ከዓሣው ይልቅ ከወለሉ ቢጀምር ይሻላል። ለወለል ዓሣ ወሳኙ የገንዳው ከፍታ ሳይሆን የታችኛው ስፋት ነው፤ 60 በ30 በ30 ሳንቲ ሜትር የሆነ ባለ 54 ሊትር ገንዳና ተመሳሳይ ውኃ የሚይዝ ግን ጠባብና ረጅም ገንዳ ኮሪዶራስ ለሚባለው ከአምባዛ ወገን ለሆነ ትንሽ የወለል ዓሣ እኩል አይደሉም። ከስፋቱ ቀጥሎ የሚመጣው የአሸዋው ዓይነት ነው። ኮሪዶራስ አሸዋውን በአፉ እየዛቀ፣ የሚበላውን አስቀርቶ ቀሪውን በስንጥቡ በኩል ያወጣል፤ ይህን ማድረግ የሚችለው አሸዋው ደቃቅና ጠርዙ የለዘበ ሲሆን ነው። ጠርዙ ስለታም በሆነ ጠጠር ላይ፣ በተለይም ወለሉ ሳይጸዳ ሲቆይና ባክቴሪያ ሲበዛበት፣ ምግቡን በዳበሳ የሚፈልግባቸው ሪዞች እየተሸረሸሩ ያጥራሉ።

ችግሩ ተክል አልሚው የሚመርጠው ወለል ከዚህ የተለየ መሆኑ ነው። ለተክል ተብሎ የሚሸጠው፣ ከሸክላ አፈር ተጋግሮ በትንንሽ ፍሬ የተዘጋጀው ወለል ንጥረ ነገር የበዛበትና ለሥር የተመቸ ቢሆንም ክብደቱ ቀላል በመሆኑ ዓሦቹ ሲቆፍሩት አዲስ የተተከለው ሁሉ ተነቅሎ ይንሳፈፋል። መላውን ወለል በምንጣፍ መልክ የሚሸፍኑ አጫጭር ተክሎችም ለዓይን ማራኪ ይሁኑ እንጂ ለኮሪዶራስ የሚዛቅ ባዶ ስፍራ አያስቀሩለትም፤ በእኔ አስተያየት ምንጣፉን የፈለገ ሰው ኮሪዶራስን ቢተው፣ ኮሪዶራስን የፈለገ ደግሞ ምንጣፉን ቢተው ይሻላል። ሁለቱን ለማስማማት ከሚሠራባቸው ዘዴዎች አንዱ ከፊት ለፊት ደቃቅ አሸዋ፣ ከኋላ ለም አፈር አድርጎ በድንጋይ መለየት ነው። ወለሉ በሙሉ አሸዋ ከሆነም በሥራቸው የሚመገቡት ክሪፕቶኮሪንና ኤኪኖዶረስ ከአሸዋው ሥር የማዳበሪያ እንክብል ተቀብሮላቸው ያድጋሉ፤ አኑቢያስና የጃቫ ፈርን ደግሞ አግድም ግንዳቸው ከተቀበረ ስለሚበሰብስ በእንጨት ወይም በድንጋይ ላይ ይታሰራሉ፣ በመሆኑም ቆፋሪ ዓሣ አይጎዳቸውም። አዲስ ገንዳ ባክቴሪያው እስኪደራጅ አብዛኛውን ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ስለሚፈጅበት፣ ይኸው ጊዜ ተክሎቹ ሥር እንዲሰድዱም ይጠቅማል።

ለጋራ አኳሪየም የሚመረጠው ቀዳሚ የወለል ዓሣ ኮሪዶራስ መሆኑ ያለ ምክንያት አይደለም። ትውልዱ ደቡብ አሜሪካ ነው፤ ላሴፔድ የተባለው ፈረንሳዊ የተፈጥሮ ተመራማሪ ይህን ስያሜ የሰጠው እ.ኤ.አ. በ1803 ሲሆን፣ ከዚያ ወዲህ ከ150 የሚበልጡ ዝርያዎች ተመዝግበዋል። እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣ ጥናት ይህን ሰፊ ቡድን ስለበታተነው ነሐስ መልኩ ኮሪዶራስ ኦስቲዮጋስተር፣ ስተርባይና ነጠብጣቡ ኮሪዶራስ ደግሞ ሆፕሊሶማ በሚባሉ ስሞች ሥር ተመድበዋል፤ ሻጮችም አርቢዎችም ግን ዛሬም ኮሪዶራስ እያሉ ነው የሚጠሯቸው። ሰውነቱ በቅርፊት ፋንታ በሁለት ረድፍ የአጥንት ሰሌዳ የተሸፈነ ሲሆን፣ በጀርባውና በጎኑ ክንፎች ላይ ያሉት ጠንካራ እሾሆች በመረብ ስለሚያዙ ሲጠመድ በብርጭቆ ወይም በሌላ ዕቃ መቅዳት ይመረጣል። በየጊዜው ወደ ላይ ተወርውሮ አየር የሚጎርሰውም ውኃው ስለተበላሸ ብቻ አይደለም፤ ከዋጠው አየር ኦክስጅን በአንጀቱ መውሰድ የሚችል ዓሣ ነው። ስለዚህ ከውኃው የላይኛው ገጽ በላይ ጥቂት ባዶ ቦታ መተው አለበት።

ኮሪዶራስ የመንጋ ዓሣ ነው። ከ6 በታች ሲሆን ይደበቃል፤ 8 ወይም 10 ሆኖ ሲገባ ግን ቀኑን ሙሉ ተያይዞ ሲዛወር ይታያል። መንጋው የአንድ ዝርያ ቢሆን ይመረጣል፤ ከየዓይነቱ 2 እየተደረገ የሚገዛው ሰባት ቀለም ያለው ስብስብ ለገዢው ዓይን እንጂ ለዓሦቹ አይመችም። በዝርያዎቹ መካከል ትልቁ ልዩነት የሙቀት ጉዳይ ነው። ነጠብጣቡ ኮሪዶራስ፣ ዳርዊን በቢግል መርከብ ጉዞው ከሰበሰባቸው ናሙናዎች ተነሥቶ እንግሊዛዊው የተፈጥሮ ተመራማሪ ጄኒንስ እ.ኤ.አ. በ1842 የገለጸው ዝርያ፣ ከ18 እስከ 23 ዲግሪ ሴልሺየስ ባለ ውኃ ይስማማዋል። ፓንዳ የሚባለው ከ20 እስከ 25፣ ነሐስ መልኩ ከ21 እስከ 26 ሲሆን፣ ስተርባይ ከ24 እስከ 28 ዲግሪ ይችላል። በመሆኑም ሞቅ ያለ ውኃ የሚሹትን እንደ ራሚሬዚ ሲክሊድ ያሉትን ለሚያረባ ሰው ስተርባይ ተገቢው ምርጫ ሲሆን፣ የውኃ ማሞቂያ በሌለው ቀዝቀዝ ባለ ክፍል ውስጥ ለተቀመጠ ገንዳ ግን ነጠብጣቡ ይሻላል። ለትናንሽ ገንዳዎች ከ3 ሳንቲ ሜትር ብዙም የማያልፉ ድንክ ዝርያዎች አሉ፤ ከእነዚህም ፒግሚየስ አብዛኛውን ጊዜውን በመካከለኛው ውኃ በቅጠሎች መካከል ስለሚያሳልፍ ሙሉ በሙሉ የወለል ዓሣ ነው ለማለት ያስቸግራል።

ቀኑን ለኮሪዶራስ ትቶ ሌሊቱን የሚይዝ ጓደኛ የሚፈልግ ሰው ኩሊ ሎችን ቢመለከት ይጠቀማል። ከደቡብ ምሥራቅ እስያ የመጣው ይህ ዓሣ እባብ መሰል፣ ከ8 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር የሚረዝም፣ ቢጫና ጥቁር ቀለበት የተጠመጠመበት ሲሆን፣ ዓይኑ ላይ ያለው ስስ ቆዳ አሸዋ ውስጥ ሲገባ ይከላከልለታል። ተክሎችን አይበላም፤ ሥር ለሥር እየተሹለከለከ ይኖራል፤ ብቻውን ሲሆን ከነመኖሩ ስለሚረሳ 5 ወይም 6 ሆኖ ይግባ። ክዳን ያለው ገንዳና መግቢያው በስፖንጅ የተሸፈነ ማጣሪያ ያስፈልገዋል፤ በሚያልፍበት ቀዳዳ ሁሉ ይወጣልና። በመድኃኒት ረገድም ሎቾችና ቅርፊት አልባ የአምባዛ ወገኖች ከሌሎቹ ይልቅ ስለሚጎዱ መዳብ ያለበት መድኃኒትና ጨው በጥንቃቄ ይሰጣቸዋል።

አልጌን፣ ማለትም በመስታወቱና በቅጠሎች ላይ የሚበቅለውን ስስ የዕፅ ሽፋን፣ የሚልሰው ዓሣ ብዙ ነው፤ የሚያስፈልገው ግን ጥቂት ነው። አንሲስትረስ፣ ወንዱ በአፍንጫው ላይ ሥጋዊ ዘርፍ የሚያበቅለው ፕሌኮ (በአፉ እየተጣበቀ የሚልስ የአምባዛ ወገን)፣ ከ12 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ላይ ስለሚያቆም ከ100 ሊትር በላይ ለሆነ ገንዳ ይስማማል። ሊልሰው የሚችል የእንጨት ጉቶና በውኃ የተቀቀለ የዝኩኒ ቁራጭ ካላገኘ የኤኪኖዶረስን ለስላሳ ቅጠል ይፍቃል። ሁለት ወንዶች በአንድ ዋሻ ይጣላሉ። ኦቶሲንክለስ 4 ሳንቲ ሜትር አካባቢ የሆነ፣ ቅጠልን ሳይጎዳ በላዩ ያለውን ቡናማ አልጌ የሚልስ፣ በተክል ገንዳ ተወዳዳሪ የሌለው ዓሣ ነው፤ ነገር ግን አብዛኛው ከዱር የተጠመደና በጉዞ ላይ የተራበ በመሆኑ ወራት ባስቆጠረና አልጌ በያዘ ገንዳ እንጂ በአዲስ ገንዳ አይገባም።

የሚቀሩት ስሕተቶች ብዙዎቹ ከዕድገት ጋር የተያያዙ ናቸው። በ5 ሳንቲ ሜትር የሚሸጠው ተራው ፕሌኮ አድጎ 30፣ አንዳንዱም ከ40 ሳንቲ ሜትር በላይ ይሆናል፤ ከገንዳ ወጥቶ በተለቀቀባቸው በፍሎሪዳና በሜክሲኮ ውኃዎችም የወንዝ ዳርቻ እየቆፈረ ወራሪ ሆኗል። ብሊከር የተባለው ሆላንዳዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1852 የገለጸው ክላውን ሎች፣ የሱማትራና የቦርኒዮ ተወላጅ፣ እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ደርሶ ከ20 ዓመት በላይ ሊኖር የሚችል ዓሣ ሲሆን ለብዙ መቶ ሊትር ገንዳ ብቻ ይገባል፤ ቀንድ አውጣ ለማጥፋት ታስቦ ሲገዛ ማየት ግን የተለመደ ነው። የቻይና አልጌ ላጭ ተብሎ የሚሸጠው ጋይሪኖኬይለስ በልጅነቱ አልጌ ይልሳል፣ ሲያድግ ግን ሰፋፊ ጎን ባላቸው ዓሦች ላይ እየተጣበቀ የቆዳቸውን ዝልግልግ ሽፋን ይልሳል። ቀይ ጭራው ላቢዮ ደግሞ ወለሉን ሁሉ የራሱ ግዛት አድርጎ ሌላውን ያሳድዳል። የአገራችን አምባዛ ከ1 ሜትር በላይ ስለሚያድግና አፉ የገባለትን ስለሚውጥ፣ በባሮና በኦሞ የሚገኘው ሲኖዶንቲስ ሻልም 40 ሳንቲ ሜትር ስለሚያልፍ፣ ለዚህ ዓይነቱ ገንዳ አይሆኑም፤ ከአፍሪካ መምረጥ የሚፈልግ ሰው ሆዱን ወደ ላይ ገልብጦ የሚዋኘውንና 10 ሳንቲ ሜትር አካባቢ የሚደርሰውን የኮንጎውን ሲኖዶንቲስ ኒግሪቬንትሪስ ቢያስብ ይሻላል።

ዓሣው በራሱ ተስማሚ ሆኖም ከጎረቤቱ ጋር ላይስማማ ይችላል። ከምዕራብ አፍሪካ የሚመጣው ክሪቤንሲስና የደቡብ አሜሪካዎቹ አፒስቶግራማዎች ሰላማዊ ይባላሉ፣ አብዛኛውን ጊዜም እውነት ነው፤ ወለሉ ላይ እንቁላል ከጣሉ በኋላ ግን ዋሻቸውን አያስደፍሩም። ኮሪዶራስ የማስጠንቀቂያ ምልክታቸውን ስለማይረዳ እየተመለሰ ይሄድባቸዋል፣ ይነከሳል፣ ዓይኑም ይጎዳል፤ ጠባብ ወለል ባለው ገንዳ ሁለቱን አለማቀላቀል ይመረጣል። ቀንድ አውጣ የሚወዱት ቦቲያ ሎቾች ለጌጥ የገባውን ቀንድ አውጣና ትንንሹን ሽሪምፕ ይጨርሳሉ፤ ኦቶሲንክለስ፣ ድንክ ኮሪዶራስና ኩሊ ሎች ግን ከአዋቂ ሽሪምፕ ጋር ይኖራሉ። የወለል ዓሦች ከ3 ዝርያ በላይ ሲሆኑ በ112 ሊትር ገንዳ፣ ማለትም 80 በ35 በ40 ሳንቲ ሜትር በሆነው ውስጥ እንኳ ይጨናነቃሉ፤ 8 ስተርባይ፣ 6 ኩሊና 1 አንሲስትረስ ወለሉን በሚገባ ይሞላሉ።

በእንዲህ ያለ ገንዳ የተደላደሉ ኮሪዶራሶች ጊዜው ሲደርስ፣ ብዙውን ጊዜ ቀዝቀዝ ያለ ውኃ ተጨምሮ ከተቀየረ በኋላ፣ እንቁላላቸውን በመስታወቱና በሰፋፊ ቅጠሎች ላይ ይለጥፋሉ። እንቁላሉ ከ3 እስከ 5 ቀን ውስጥ ይፈለፈላል፤ ወላጆቹም ጎረቤቶቹም ስለሚበሉት እንዲያድግ የተፈለገው ወደ ሌላ ገንዳ ይዛወራል። ጥቅጥቅ ያለ የውኃ ሞስ ባለበት ግን አንዳንድ ጫጩት ሳይታይ ያድጋል።