በነፍሳት ላይ መድኃኒት መሞከር ምንድን ነው?

አዲስ መድኃኒት ፋርማሲ ከመድረሱ በፊት ብዙ ፈተና ያልፋል። መጀመሪያ ጀርሙን ፔትሪ ዲሽ በሚባለው ክብ ሳህን ላይ ያሳድጉትና መድኃኒቱን ይጨምሩበታል። ጀርሙ ከሞተ ቀጥሎ ሕይወት ባለው አካል ላይ ይሞከራል። ይህ ቦታ ለረጅም ዘመን የአይጥ፣ የጥንቸልና የመሰሎቻቸው ነበር። አሁን ግን በሳህኑና በአይጧ መካከል አንድ ሌላ ደረጃ እየገባ ነው። የፍራፍሬ ዝንብ፣ የሐር ትልና ሰም የሚበላው ትል የሙከራ እንስሳ ሆነዋል። በነፍሳት ላይ መድኃኒት መሞከር የሚባለው ይኸው ነው።

ሳህኑ ብቻውን ለምን አይበቃም? በረኪና ሳህን ላይ ያለውን ጀርም ሁሉ ይገድላል። በረኪና ግን አይጠጣም። ሳህኑ የሚነግረን ጀርሙ መሞቱን ብቻ ነው። መድኃኒቱ ሰውነት ውስጥ ገብቶ ኃይሉን ይጠብቅ ይሆን? ታማሚውንስ ይጎዳው ይሆን? ለዚህ ሕይወት ያለው ነገር ያስፈልጋል። አይጥ ደግሞ ውድ ናት። ለብቻዋ ክፍል፣ ቀለብ፣ የሠለጠነ ጠባቂና የሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድ ትፈልጋለች።

ከነፍሳቱ አንዱ ጎጃም ውስጥ ማስተዋወቅ አያስፈልገውም። ዳንግላም ሆነ ቡሬ፣ ሜጫም ሆነ ደጀን፣ ንብ ያረባ ሰው ሰም የሚበላውን ትል ያውቀዋል። መንጋው የደከመበት ቀፎ ሲገኝ የእሳት እራቷ ሌሊት ትገባና እንቁላሏን ትጥላለች። ትሎቹ ሲፈለፈሉ የማር እንጀራውን እየሰረሰሩ ይበላሉ፤ በድርም ይተበትቡታል። ንቡ ጥሎ ይሄዳል። ጮቄ ሥር ባለው ብርድ ትሉ ብዙም አይመቸውም። ወደ ዓባይ ሸለቆ ሲወረድ ግን ይበረታል። ሳይንሳዊ ስሙ ጋለሪያ ሜሎኔላ ነው።

ይህ የንብ አናቢ ጠላት ለተመራማሪ ሲሳይ ነው። ሲያድግ ርዝመቱ ከ2 እስከ 2.5 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል፤ ክብደቱ ሩብ ግራም ገደማ ነው። ስለዚህ በመርፌ መወጋት ይችላል። ከሁሉ የሚበልጠው ግን ሙቀት መቻሉ ነው። የንብ መኖሪያ ውስጡ 35 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ ትሉ ሙቀት ለምዷል፤ በ37 ዲግሪም ይኖራል። 37 ዲግሪ ደግሞ የኛ የሰውነት ሙቀት ነው። ብዙ ጀርሞች ሙሉ ክፋታቸውን የሚያሳዩት በዚሁ ሙቀት ነው። የፍራፍሬ ዝንብ ይህን አትችልም።

ሙከራው እንዲህ ይካሄዳል። ክብደታቸው ተቀራራቢ፣ መልካቸው ነጣ ያለና ጥቁር ነጥብ የሌለባቸው ትሎች ይመረጣሉ። ከዚያ በቡድን ይከፈላሉ፤ በአንድ ቡድን ብዙውን ጊዜ 10 ይሆናሉ። ተመራማሪው በጣም ቀጭን መርፌ ይዞ በኋለኛው እግር ሥር ጀርም ያለበት 10 ማይክሮ ሊትር (የአንድ ሚሊ ሊትር መቶኛ) ፈሳሽ ይወጋቸዋል። ጥቂት ቆይቶ በሌላኛው እግር በኩል መድኃኒቱን ይሰጣል። አንዱ ቡድን ጀርም ብቻ ይወጋል። ሌላው መድኃኒት ብቻ፣ ሌላው ደግሞ ንጹህ የጨው ውሃ ብቻ ይወጋል። ምንም ያልተነካም ቡድን አለ። የጨው ውሃው መርፌው ራሱ ገድሏቸው እንዳይሆን ለማረጋገጥ ነው። በኔ እይታ ዋናው ግን መድኃኒት ብቻ የተወጋው ቡድን ነው። እነዚያ ትሎች ከሞቱ ያ ነገር መድኃኒት ሳይሆን መርዝ ነው።

ትሎቹ በ37 ዲግሪ ጨለማ ውስጥ ይቀመጡና በየቀኑ ይታያሉ። ጤነኛው ሲነካ ይንፈራገጣል፤ በጀርባው ሲያስተኙት ተገልብጦ ይነሳል። የታመመው ይጠቁራል። ጥቁረቱ ሜላኒን ነው፤ ሰውነቱ ጀርሙን ከብቦ ለማሰር የሚያመነጨው ነገር ነው። ስለዚህ ሕመሙ ከውጭ በዓይን ይታያል። ሲነካ ጨርሶ የማይንቀሳቀስ እንደሞተ ይቆጠራል። ውጤቱ በጥቂት ቀናት ውስጥ ይታወቃል።

መጠኑ በክብደት ይሰላል። ለአንድ ኪሎ 20 ሚሊ ግራም ቢታዘዝ ሩብ ግራም ለሚመዝነው ትል የሚደርሰው 5 ማይክሮ ግራም ብቻ ነው። ይህ ትልቅ ጥቅም ነው። ከአንድ ቅጠል ውስጥ ንጥረ ነገር ለይቶ ያወጣ ሰው ስንት ቀን ለፍቶ በእጁ የምትቀረው ቅንጣት እንደሆነች ያውቃል። ያቺ ቅንጣት ለብዙ ትል ትበቃለች።

ትል ከሰው ጋር ምን አገናኘው? ሰውነታችን ሁለት ዓይነት መከላከያ አለው። አንዱ አብሮን የሚወለደው ነው፤ ያገኘውን ጀርም ወዲያው ይውጣል፣ ይገድላል። ሌላው ጀርሙን እየተማረ ፀረ እንግዳ አካል የሚሠራው ነው። ነፍሳት ያላቸው የመጀመሪያው ነው፤ እሱም ከኛ ጋር በእጅጉ ይመሳሰላል። ፈረንሳይ አገር የዡል ሆፍማን ቡድን እ.ኤ.አ. በ1996 ቶል የተባለው ጂን ዝንብን ከሻጋታ እንደሚከላከል አሳየ። በ1998 ብሩስ ቦይትለር የዚያን ጂን ዘመድ በአይጥ ውስጥ አገኘ። በሰውም ውስጥ አለ። ሁለቱ ከራልፍ ስታይንማን ጋር የ2011ን የኖቤል ሽልማት ተጋርተዋል። ከሰው በሽታ ጋር ከተያያዙት የታወቁ ጂኖች ውስጥ 75 በመቶ ገደማው በፍራፍሬ ዝንብ ውስጥ አቻ አላቸው።

ውጤቱም ታይቷል። የቶኪዮ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከአፈር የተገኙ ባክቴሪያዎች የሚያመነጩትን ፈሳሽ የታመሙ የሐር ትሎች ላይ ሞከሩ። ትሎቹን ካዳኑት መካከል ላይሶሲን ኢ የተባለ ንጥረ ነገር አገኙና እ.ኤ.አ. በ2015 ይፋ አደረጉ። መድኃኒት የተላመደውን ስታፊሎኮከስ የተባለ ባክቴሪያ ይገድላል፤ በአይጥም ላይ ሠርቷል። ቫንዴታኒብ የተባለው የታይሮይድ ካንሰር መድኃኒት ደግሞ በ2011 አሜሪካ ውስጥ ተፈቅዷል። ከዚያ በፊት፣ በ2005፣ የካንሰሩን ጂን በተሸከሙ ዝንቦች ላይ መሥራቱ ታይቶ ነበር።

ጎጃም ላይ ይህ ነገር ለምን ያጓጓኛል? በዕፅዋት ምክንያት ነው። ለምች ዳማከሴ የማይቆርጥ፣ ለሆድ ቁርጠት ጤና አዳም የማያሸት ቤት ብዙም የለም። ባሕር ዳርና ደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ አላቸው። የቅጠል ጭማቂ ሳህን ላይ መሞከር ለተማሪ የሚከብድ ሥራ አይደለም። ከሳህኑ በኋላ ያለው መንገድ ግን ውድ ነው። ከዚያ «ጀርም ይገድላል» የሚለው ወሬ ብቻ ገበያ ይወጣል፤ ሰውም መድኃኒት ተገኘ ብሎ ያምናል። ትሉ ይህን ክፍተት በትንሽ ወጪ ሊሞላ ይችላል። ባክቴሪያ የሚያሳድግ ላብራቶሪ በ37 ዲግሪ የሚሠራ ማሞቂያ አለው። የሚጨመረው ቀጭን መርፌና ቀለብ ነው። ቀለቡም ዱቄት፣ ፉርሽካ፣ ማር፣ ግሊሰሪንና እርሾ ነው።

ትሉን ከቀፎ ለቅሞ መሞከር ግን አይሆንም። የቀፎ ትል ዕድሜው የተለያየ ነው፤ በሽታ ወይም ኬሚካል ይዞ ሊመጣ ይችላል። ውጤቱ አይታመንም። ላብራቶሪ ውስጥ በአንድ ዓይነት ቀለብና ሙቀት ተራብቶ፣ ትውልድ ቆጥሮ መምጣት አለበት። የሚያረባው ክፍልም ከንብ ቀፎ ይራቅ። ዕቃው በደንብ ይከደን፤ የተረፈው ትል ፍሪዘር ውስጥ ገብቶ ሳይሞት አይጣል። አንዲት የእሳት እራት ካመለጠች የጎረቤት ንብ ነው የሚጎዳው።

ስለ ትሉ ሕመምም ማሰብ ይገባል። እንግሊዛውያኑ ራስልና በርች እ.ኤ.አ. በ1959 ሦስት መርሆች አስቀምጠዋል። እንስሳውን በሌላ መተካት፣ ቁጥሩን መቀነስና ስቃዩን ማቅለል ናቸው። ነፍሳት አይጥን ከብዙ ሙከራ ያድናሉ። እነሱ ራሳቸው ያማቸዋል ወይ የሚለው ግን ሳይንቲስቶችን እያከራከረ ነው። ስለዚህ በትልም ቢሆን ከሚያስፈልገው በላይ መግደል ልክ አይመስለኝም።

ወሰኑን ደግሞ በግልጽ እንናገር። ትል ፀረ እንግዳ አካል ስለማይሠራ ክትባት ሊሞከርበት አይችልም። ሳንባ የለውም። የጉበትን ሥራ በከፊል የሚሠራለት ስብ የያዘ አካል አለው እንጂ ጉበት የለውም። ሙከራው የሚቆየው ለቀናት ነው፤ ወራት ተጠጥቶ ቀስ ብሎ ኩላሊት የሚጎዳ ነገር በዚህ አይያዝም። ትሉን ያዳነ መድኃኒት ገና አይጥን፣ ከዚያም በየደረጃው ሰውን ይጠብቃል። ትሉን የገደለው ግን ብዙ ገንዘብ ሳይፈስበት እዚያው ይቀራል።

በተለይ እርግዝናን በተመለከተ ትሉ የሚነግረን ነገር የለም። ማህፀን የለው፣ እንግዴ ልጅ የለው። አንድ ቅጠል መቶ ትል ቢያድን እንኳ ለነፍሰ ጡር ይስማማል ማለት አይደለም። ያንን የሚመልሰው ሌላ ሙከራ ነው። እስከዚያው ነፍሰ ጡሯ ያን ቅጠል ባትጠጣው ይሻላል።