ጸሎት ብቻ አልነበረም፦ አየርላንዳውያን ስደተኞችን ስለረዱ ሰዎች የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

አየርላንድ ልጆቿን እየሸኘች የኖረች አገር ናት። በ1840ዎቹ የድንች ሰብል በበሽታ ሲጠፋ የበረታው ስደት ከመቶ ዓመት በኋላም አልቆመም፤ በ1950ዎቹ ብቻ ወደ 400,000 የሚጠጋ ሰው አገሩን ለቆ ወጥቷል፤ አብዛኛው ወደ እንግሊዝ ነው የሄደው። ስደተኛውን ተከትለው ሌሎች ሰዎችም ሄዱ፤ ቤት የሚፈልጉለት፣ ደብዳቤ የሚጽፉለት፣ ሲታሰር የሚጠይቁት። እኛም ልጆቻችንን ወደ ዓረብ አገርና ወደ ምዕራቡ የምንሸኝ ሕዝብ ነንና የእነዚህን ሰዎች ሥራ በትክክል ብናውቀው ይጠቅመናል ብዬ አምናለሁ። ስለ እነሱ የሚባለው ግን ብዙ ጊዜ ከእውነቱ ይርቃል። (ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

«ካህናቱ የሄዱት ለመቀደስ ነው»

ቀድሰዋል፣ አጥምቀዋል፣ አናዝዘዋል። ነገር ግን የአባ አንቶኒ ፋሂን ቀን ውሎ ብናይ ቅዳሴው ከብዙው አንዱ ነበር። በአየርላንድ ጎልዌይ አውራጃ የተወለዱት እኚህ የዶሚኒካን ማኅበር ካቶሊካዊ መነኩሴ በ1844 ቦነስ አይረስ ሲገቡ አየርላንዳውያኑ በአርጀንቲና ሰፊ የሣር ሜዳ ላይ ተበትነው በግ ያረባሉ። ብዙዎቹ ስፓኒሽ አያውቁም፤ ያጠራቀሙትን የሚያስቀምጡበት የሚታመን ቦታም የላቸውም። ፋሂ ከበረት በረት እየዞሩ ገንዘባቸውን በአደራ ተቀበሉ፣ መሬት ገዙላቸው፣ ደብዳቤ አደረሱላቸው፣ ሲጣሉ አስታረቋቸው፣ ለትዳር የደረሱትንም አገናኟቸው። በገንዘቡ ጉዳይ አብሯቸው የሠራው ቶማስ አርምስትሮንግ አየርላንዳዊ ነጋዴና ፕሮቴስታንት ነበር። ለሕመምተኞች ማረፊያ አቋቋሙ፤ በ1856 ደግሞ የምሕረት እኅቶች የሚባሉትን መነኮሳይት ከደብሊን አስመጡ። ያረፉት በ1871፣ ከተማይቱ በቢጫ ወባ ወረርሽኝ በተመታችበት ወራት ነው።

ይህን ታሪክ ሳነብ ሁለት ነገር ይሰማኛል። ባዕድ አገር የገባ ሰው ቋንቋውን የሚሰማለትንና አደራ የማይበላበትን አንድ ሰው ሲያገኝ ምን ያህል እንደሚያርፍ ይገባኛል። የአንድ ማኅበረሰብ ገንዘብ፣ ጋብቻና ክርክር ሁሉ በአንድ ሰው እጅ ላይ መውደቁ ደግሞ ያሰጋኛል። ፋሂ ታማኝ ሆነው ተገኙ፤ ሁሉም ሰው ግን ፋሂ አይደለም።

«መሪዎቹ ወንዶችና ካህናት ነበሩ»

ይህ አመለካከት ብዙ ሴቶችን ከታሪክ አውጥቷል። ኒው ዮርክ ወደብ አጠገብ፣ በስቴት ጎዳና ቁጥር 7 ላይ አየርላንዳውያት ልጃገረዶችን የሚቀበል ቤት ነበር። የቤቱ የመጀመሪያ ኃላፊ አባ ጆን ሪዮርዳን ነበሩ፤ ሐሳቡን ከአየርላንድ ይዛ የመጣችው ግን ሻርሎት ግሬስ ኦብራየን ናት። ጆሮዋ አይሰማም ነበር። ያን ጊዜ ካቶሊክም አልነበረችም፤ ወደ ካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን የገባችው በ1887 ነው።

በ1881 ዛሬ ኮቭ በሚባለው ወደብ ከቆመ የስደተኞች መርከብ ላይ ወጣች። ወንዱና ሴቱ፣ ሕፃኑና አዋቂው ከታች ባለው ወለል እንዴት ተፋፍጎ እንደሚጓዝ አይታ በለንደን ጋዜጣ ጻፈች፤ ነገሩም መንግሥት ዘንድ ደረሰ። እሷ ግን ጽፋ አልተቀመጠችም። ወደቡ ላይ ለተጓዦች ማደሪያ ከፈተች፤ ከዚያም ውቅያኖሱን ተሻግራ ኒው ዮርክ ገባችና ስደተኞቹ በሚኖሩበት ሰፈር ኖራ ችግሩን ከሥሩ አየችው። የአሜሪካ ጳጳሳትን ወተወተች። ቤቱ በ1884 መግቢያ ላይ ሥራ ጀመረ።

አሠራሩን ልብ ብላችሁ ተመልከቱት። የቤቱ ሠራተኛ ስደተኞች በሚመዘገቡበት በካስል ጋርደን ይቆማል። የሚቀበላት ዘመድ ያጣችውን ልጅ ደላላ ሳይቀድመው ያገኛታል። ልጅቷ ምንም ሳትከፍል ታድራለች፣ ትበላለች፤ ዘመዷ ይፈለጋል፣ ካልተገኘም ሥራ ይፈለግላታል። ስሟ መዝገብ ላይ ይሰፍራል። በቦሌ በኩል ወደ ቤይሩት ወይም ወደ ጅዳ የሄደች እኅት ያለው ሰው፣ በመድረሻዋ ስሟን የሚጽፍላት አንድ እጅ መኖሩ ምን ማለት እንደሆነ አይጠፋውም።

«የረዷቸው የገዛ ወገኖቻቸው ብቻ ናቸው»

በ1847 ከረሃቡ ሸሽተው ካናዳ ከገቡት አየርላንዳውያን ብዙዎቹ ታይፈስ የተባለ ተላላፊ በሽታ ይዟቸው ነበር የደረሱት። በኩቤክ አቅራቢያ በግሮስ ኢል ደሴት ከ5,000 በላይ ሰው ተቀብሯል። በሞንትሪያል የበሽተኛ መጠለያዎች ውስጥ ገብተው ያስታመሙት ግሬይ ነንስ የሚባሉት ፈረንሳይኛ ተናጋሪ መነኮሳይት ናቸው። የከተማው ከንቲባ ጆን ሚልስ አየርላንዳዊም ካቶሊክም አልነበሩም፤ በሽተኞቹን ሲረዱ በዚያው በሽታ ሞቱ። ወላጅ አልባ ከቀሩት ልጆች ብዙዎቹን ያሳደጓቸው ፈረንሳይኛ ተናጋሪ ቤተሰቦች ናቸው።

«ሥራቸው ማጽናናት ስለሆነ ከባለሥልጣን ጋር አይጋጩም»

በ1957 የአየርላንድ ካቶሊክ ጳጳሳት በእንግሊዝ ላሉ ስደተኞች የሚሆን የካህናት አገልግሎት ሲያቋቁሙ ያሰቡት የመንገድና የግድብ ሠራተኛውን፣ የሆቴል አስተናጋጇን፣ ነርሷን ነበር። የአየርላንድ ሪፐብሊካን ጦር (አይ.አር.ኤ) የተባለው ታጣቂ ቡድን በ1974 በእንግሊዝ ከተሞች ካደረሳቸው የቦምብ ፍንዳታዎች በኋላ ግን ሌላ ሥራ መጣ። የሽብር መከላከያ ሕግ ወጣ፤ ፖሊስ ተጠርጣሪን ክስ ሳይመሠርት እስከ 7 ቀን ማቆየት ቻለ። በአየርላንዳዊ አነጋገር አፍን መክፈት በራሱ የሚያስፈራበት ዘመን ነበር።

ሲስተር ሣራ ክላርክ ከጎልዌይ አውራጃ መጥተው ለንደን ውስጥ ሥዕል ያስተምሩ የነበሩ መነኩሲት ናቸው። ማስተማሩን ትተው የታሳሪ ቤተሰቦችን ከጣቢያ መቀበል፣ ማሳደር፣ እስር ቤት ማድረስና ጠበቃ መፈለግ ሥራቸው አደረጉት። ባለሥልጣናቱ እስረኞችን እንዳይጠይቁ ሲከለክሏቸው ከውጭ ሆነው መጻፋቸውን ቀጠሉ። ከፍንዳታዎቹ ጋር በተያያዘ የተፈረደባቸው «የጊልፎርድ አራቱ» እና «የማጓየር ሰባቱ» የተባሉት እስረኞች ንጹሐን ናቸው ብለው ቀድመው ከጮኹት አንዷ ናቸው። ከ1978 እስከ 1992 የካህናቱን አገልግሎት የመሩት የኮሎምባን ሚስዮናዊው አባ ቦቢ ጊልሞርም፣ አንዳንዶች ነገሩን አትንኩት እያሉ፣ በበርሚንግሃም ከተማው ፍንዳታ የተፈረደባቸው «የበርሚንግሃም ስድስቱ» እንዲፈቱ ተሟገቱ። የጊልፎርዶቹ በ1989፣ የበርሚንግሃሞቹ በ1991 ነፃ ወጡ። ከማጓየር ሰባቱ አንዱ የሆነው ጁሴፔ ኮንሎን ግን ፍርዱ ሳይሰረዝ በ1980 እስረኛ እንደሆነ ሞቷል።

እዚህ ላይ ሌላም ስሕተት አለ፤ ረድኤቱ ለንጹሕ ሰው ብቻ ነው የሚል። ጳጳሳቱ በ1985 ያቋቋሙት በውጭ አገር የታሰሩ አየርላንዳውያንን የሚረዳው ምክር ቤት እስረኛው ምን ሃይማኖት እንዳለው፣ በምን ወንጀል እንደተፈረደበት መለያ አያደርግም። ጥፋተኛውም እናት አለው፤ እናቱም ልጇ በየትኛው አገር እስር ቤት እንዳለ ማወቅ ትፈልጋለች።

«ሁሉም ቅዱሳን ነበሩ»

አልነበሩም። አባ ኤመን ኬሲ በ1960 እንግሊዝ አገር ስላው ከተማ መጥተው ወጣት ባልና ሚስቶች ለቤት መግዣ ቅድሚያ ክፍያ እንዲቆጥቡ አደራጁ። ኋላም በ1966 ሼልተር የተባለው ቤት ለሌላቸው የሚሟገት ድርጅት ሲመሠረት ትልቅ ድርሻ ነበራቸው። ጳጳስ ሆኑ። በ1992 የልጅ አባት መሆናቸው ታውቆ ከመንበራቸው ለቀቁ፤ በሕፃናት ላይ ወሲባዊ ጥቃት ፈጽመዋል የሚል ክስም ከአንድ በላይ ሰው አቅርቦባቸዋል። ቤት ያገኙት ሰዎች ቤታቸው እውነት ነው፤ ተጎዳን የሚሉትም ሊሰሙ ይገባል። አንዱን ለመጠበቅ ሲባል ሌላው መደበቅ የለበትም።

«የአየርላንዳውያን ጉዳይ እኛን አይነካም»

በ1980ዎቹ በኒው ዮርክና በቦስተን ብዙ ወጣት አየርላንዳውያን ያለ ወረቀት ይሠሩ ነበር። በ1987 ኒው ዮርክ ላይ የአየርላንዳውያን የኢሚግሬሽን ማሻሻያ ንቅናቄ ተመሠረተ፤ የመሩት ካህናት ሳይሆኑ ራሳቸው ወጣቶቹ ናቸው። በቦስተን ሲስተር ሊና ዲቪ በ1989 የአየርላንዳውያን የኢሚግሬሽን ማዕከልን ከፈቱ፤ ዛሬ ሪያን ተብሎ ከመላው ዓለም የመጣን ስደተኛ ያገለግላል። የወጣቶቹ ውትወታ ተጨምሮበት በ1990 የወጣው የአሜሪካ ሕግ ለሦስት ዓመት በዓመት 40,000 ቪዛ ፈቀደ፤ ከዚያም 40 በመቶው ለአየርላንድ ተለየ። ያው ሕግ ከ1995 ጀምሮ በዕጣ የሚሰጠውን ቪዛ አቋቋመ፤ እኛ ዲቪ የምንለውን። ከአዲስ አበባ፣ ከጎንደር፣ ከደሴ በዲቪ የሄደ ሰው ሁሉ የተጓዘበት በር በከፊል በእነዚያ አየርላንዳውያን ግፊት የተከፈተ ነው።

«ይህ ሁሉ ድሮ የቀረ ነው»

በ1950ዎቹና 60ዎቹ እንግሊዝ የገቡት ወጣቶች አርጅተዋል። ብዙ የግንባታ ሠራተኞች የጡረታ መዋጮ ሳይቆረጥላቸው ጥሬ ገንዘብ በእጃቸው እየተቀበሉ ነበር የሠሩት። ክፍያው አንዳንዴ መጠጥ ቤት ውስጥ ስለሚፈጸም ገንዘቡ ከዚያው አይወጣም ነበር። ዛሬ አንዳንዶቹ በጠባብ ክፍል ብቻቸውን ይኖራሉ። የአየርላንድ መንግሥት በ2004 የስደተኞች ድጋፍ ፕሮግራም ጀምሮ በውጭ ያሉ ማዕከላትን ይረዳል፤ ከካህናቱ አገልግሎት የሚላኩ ሰዎችም አረጋውያኑን በየቤታቸው ይጠይቃሉ። በማዮ አውራጃ፣ መልራኒ በምትባል መንደር በሐኪሙ በጄሪ ካውሊ የተጀመረው ሴፍ ሆም ደግሞ መመለስ ለሚፈልጉ ሽማግሌዎች በአገራቸው ቤት ይፈልግላቸዋል። ከሃምሳ ዓመት በኋላ የሚመለሱ አሉ፤ ሲሄዱ የሸኛቸው ሰው አንድም በሕይወት ላይኖር ይችላልና በሩን የሚከፍትላቸው ሰው አስቀድሞ ይዘጋጃል።