የእርግዝና ስኳር ምንድን ነው? ከወሊድ በኋላስ?

የወንድሜ ሚስት የመጀመሪያ ልጇን አርግዛ ስድስተኛ ወሯ ላይ ሳለች በክትትል ቀኗ "ነገ ምንም ሳትቀምሺ ነይ" ተባለች። በማግስቱ አብሬያት ሄድኩ። መጀመሪያ ከክንዷ ደም ቀዱ። ከዚያ 75 ግራም ግሉኮስ በውሃ በጥብጠው ሰጧት፤ በአምስት ደቂቃ ውስጥ መጨረስ አለባት። ግማሹ ላይ ስትደርስ ፊቷን አጨማደደችና እጄን ጭምቅ አድርጋ ያዘችኝ። እንደምንም ጨረሰችው። ከአንድ ሰዓት በኋላ ደም፣ ከሁለት ሰዓት በኋላ እንደገና ደም። ውጤቱ በባዶ ሆድ 97፣ ከሁለት ሰዓት በኋላ 161 ሆነ። ማታ ለእናቴ ስንነግራት "ስኳር? ይቺ ልጅ? ሻይ እንኳ በአንድ ማንኪያ አይደል የምትጠጣው!" ብላ ተቀመጠች።

እናቴ የጠየቀችው ብዙ ሰው የሚጠይቀውን ነው። የእርግዝና ስኳር ማለት በፊት ስኳር ባልነበረባት ሴት ላይ በእርግዝና ወቅት የሚታይ ከፍ ያለ የደም ስኳር ነው። ዋናው መነሻው የሻይ ስኳር ሳይሆን እንግዴ ልጅ ነው። እንግዴ ልጅ የሚያመነጫቸው ሆርሞኖች የእናትየው ሰውነት ለኢንሱሊን (ቆሽት ለሚያመርተው፣ ስኳርን ከደም ወደ ሰውነት ለሚያስገባው ሆርሞን) እንዳይታዘዝ ያደርጋሉ። ይህ በራሱ ክፋት የለውም፤ ለጽንሱ ምግብ እንዲተርፍለት ነው። ጤነኛ ቆሽት ኢንሱሊን ጨምሮ ያካክሰዋል። የአንዳንዷ ቆሽት ግን ያን ያህል መጨመር አይችልም፤ ያኔ ስኳሩ ደም ውስጥ ይቀራል። ጫናው የሚበረታው እንግዴ ልጅ ሲያድግ ስለሆነ ምርመራው ከ24ኛው እስከ 28ኛው ሳምንት ባለው ጊዜ ይደረጋል።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2013 እ.ኤ.አ. ያወጣው መለኪያ በባዶ ሆድ 92፣ ከአንድ ሰዓት በኋላ 180፣ ከሁለት ሰዓት በኋላ 153 ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር ነው። ከሦስቱ አንዱን መድረስ ይበቃል። በባዶ ሆድ 126፣ ወይም ከሁለት ሰዓት በኋላ 200 ከደረሰ ግን ሙሉ የስኳር በሽታ ነው ማለት ነው፤ ምናልባትም ከእርግዝናው በፊት የነበረ።

ውፍረት ያላት፣ ወላጅ ወይም እህት ወንድም ስኳር ያለባቸው፣ ቀድሞ ከ4 ኪሎ በላይ የሆነ ልጅ የወለደች፣ ዕድሜዋ የገፋ ሴት ይበልጥ ትጋለጣለች። ከእነዚህ አንዱም የሌለባትንም ግን ሊይዛት ይችላል። የወንድሜ ሚስት ቀጭን ናት፣ ገና 26 ዓመቷ ነው። ምልክቱን እጠብቃለሁ ማለትም አያዋጣም። ውሃ ጥም፣ ሽንት ቶሎ ቶሎ መምጣት፣ ድካም የየትኛዋም ነፍሰ ጡር ነገር ነው። የሽንት ምርመራ ብቻውን አይበቃም።

ልጁን የሚጎዳው እንዴት እንደሆነ ሲገባኝ ነው ነገሩን ከልቤ የያዝኩት። የእናት ስኳር በእንግዴ ልጅ በኩል ወደ ጽንሱ ያልፋል፤ የእናት ኢንሱሊን ግን አያልፍም። ስለዚህ የጽንሱ ትንሽ ቆሽት የመጣለትን ስኳር ለመቋቋም ራሱ ኢንሱሊን ያመርታል። ያ ትርፍ ስኳር ስብ ሆኖ ትከሻውና ሆዱ ላይ ይከማቻል። በምጥ ጊዜ ጭንቅላቱ ወጥቶ ትከሻው ሊያዝ ይችላል፤ ይህ አዋላጅ ሁሉ የምትፈራው ነገር ነው። ከተወለደ በኋላ ደግሞ እትብቱ ሲቆረጥ የእናት ስኳር በአንድ ጊዜ ይቋረጣል፣ የልጁ ኢንሱሊን ግን እንዳለ ነው። የሕፃኑ ስኳር ወርዶ ሊንቀጠቀጥ ወይም ሊደክም ይችላል። በመጀመሪያው አንድ ሰዓት ውስጥ ጡት እንዲጠባ፣ ከዚያም ስኳሩ እንዲለካ የሚደረገው ለዚህ ነው። በእኛ አገር "ድንቡሽቡሽ ያለ ልጅ" ማለት ምርቃት ነውና ትልቅ ሆኖ የተወለደ ልጅ አይቶ የሚሰጋ የለም።

እናትየዋስ? የደም ግፊት አብሮ ሊመጣ ይችላል። ከባድ ራስ ምታት፣ የዓይን ብዥታ፣ የፊትና የእጅ እብጠት፣ ከጡት በታች የሚሰማ ሕመም ከታየ ሌሊትም ቢሆን ወደ ሐኪም ነው። ከወሊድ በኋላም ሊከሰት ስለሚችል ወለደች ተብሎ አይዘነጋም። ልጁ ሲገዝፍ ማህፀን ከልክ በላይ ይለጠጣል፤ ልጁ ከወጣ በኋላ መኮማተር ሲያቅተው ደም ይፈሳል። በኦፕራሲዮን የመውለድ ዕድሉም ይጨምራል። ለዚህ ነው እንዲህ ያለች ሴት ቤት መውለድ የሌለባት፤ ባሕር ዳር ፈለገ ሕይወትና ጥበበ ግዮን ሆስፒታሎች አሉ።

ሕክምናው ግን አያስፈራም። አብዛኞቹ ሴቶች በምግብና በእንቅስቃሴ ብቻ ይቆጣጠሩታል። እኛ ቤት ሁለት እንጀራ የነበረው አንድ ሆነ፣ ወጡ በዛ፦ ምስር፣ ሽሮ፣ ጎመን፣ የጣና ቆሮሶ ዓሣ። ለስላሳ ቀረ። በጣም የከበዳት የማንጎ ጁስ ነበር። የባሕር ዳር ሰው ይህን ያውቀዋል። አንድ ብርጭቆ ጁስ ውስጥ ግን ሁለት ሦስት ማንጎ አለ፣ ላዩ ላይ ስኳር ይጨመርበታል። ትንሽ ማንጎ ቆርጦ በልኩ መብላት ይሻላል። ራስን ማስራብም አይገባም፤ እናቴ "ለሁለት ነፍስ ነው እኮ የምትበይው" ስትላት ሙሉ በሙሉ አልተሳሳተችም። ማታ ከራት በኋላ በሐይቁ ዳር ሩብ ሰዓት ትራመድ ነበር። ጣቷን ወግታ የምትለካው በባዶ ሆድ ከ95፣ ከምግብ ከአንድ ሰዓት በኋላ ከ140 በታች እንዲሆን ነው።

ይህ ካልበቃ ኢንሱሊን ይታዘዛል። "አንዴ ከተጀመረ አይቆምም" የሚለው ወሬ ብዙ ሴት ከሕክምናው አስቀርቷል። የእርግዝና ስኳር ከሆነ ብዙውን ጊዜ በወሊድ ቀን ይቆማል። ኢንሱሊን የምትወስድ ሴት በጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳትቀምስ ብትውል ስኳሯ ከመጠን በታች ሊወርድ ስለሚችል፣ ለሐኪሟም ለንስሐ አባቷም አስቀድማ ትንገር።

እንግዴ ልጅ ሲወጣ ስኳሩ አብዛኛውን ጊዜ በቀናት ውስጥ ይወርዳል። ሁሉም ሰው እፎይ ብሎ የሚረሳውም ያኔ ነው። በ1964 እ.ኤ.አ. ተመራማሪዎቹ ኦሱሊቫንና ማሃን የመጀመሪያውን የታወቀ መለኪያ ሲያወጡ ያሰቡት እኮ ስለ ሕፃኑ አልነበረም። የትኛዋ እናት ወደፊት የስኳር በሽተኛ እንደምትሆን ለማወቅ ነበር። የእርግዝና ስኳር የነበረባት ሴት በኋላ ዓይነት ሁለት ስኳር የመያዝ ዕድሏ ካልነበረባት ሴት ከ7 እስከ 10 እጥፍ ይበልጣል። እርግዝናው የቆሽቷን አቅም ፈትኖ ድክመቱን አሳይቷል፤ ልጁ ሲወለድ ያ ድክመት አብሮ አይወጣም።

ስለዚህ ከወለደች ከ6 እስከ 12 ሳምንት ባለው ጊዜ ያው የ75 ግራም ምርመራ ይደገማል። ይህ ጊዜ ደግሞ የአራስ ቤት፣ የአጥሚት፣ የገንፎና የቅቤ ወቅት ነው። አራስን መንከባከብ የምወደው ወጋችን ነው፤ አጥሚቱም ይቅረብ፣ ማሩና ስኳሩ ብቻ ይቀነስ። ጡት ማጥባትም ለራሷ ይጠቅማታል።

ቀኑን ለማስታወስ ክርስትናው ይረዳል፦ ወንድ ከሆነ በ40 ቀኑ ክርስትና ከተነሣ በኋላ ባሉት ሳምንታት፣ ሴት ከሆነች ከ80 ቀኗ ክርስትና በፊት። በ45 ቀን ለክትባት መሄድም አይቀርም። ከዘጌ በጀልባ የምትመጣ ሴት ምርመራው ከሁለት ሰዓት በላይ እንደሚወስድ አውቃ በጠዋት ትነሣ፣ ከምርመራው በኋላ የምትቀምሰውን ትያዝ። ከዚያ ወዲያ በየ1 እስከ 3 ዓመቱ፣ ሌላ ልጅ ካሰበችም ከማርገዟ በፊት ትለካ።

የወንድሜ ሚስት በክትባቱ ቀን ማንም ሳይጠይቃት "እኔ እኮ በእርግዝናዬ ስኳር ነበረብኝ" አለች። ነርሷ ቀና ብላ አየቻትና በልጁ የክትባት ካርድ ጥግ ላይ የምርመራ ቀን ጻፈችላት። በቀጠሮዋ ልጁን እኔ ታቀፍኩላት፤ እሷ ያንን ብርጭቆ እንደገና ጠጣች።