ስውር እውቀት ምንድን ነው?

ባሕር ዳር፣ ጣና ዳር፣ አንድ ሽማግሌ ታንኳ ሲሠሩ ቆሜ አየሁ። የደረቀውን ደንገል በእቅፍ በእቅፍ ይሰበስቡና በጉልበታቸው ተጭነው በገመድ ጥፍር አድርገው ያስሩታል። «አባባ፣ ምን ያህል ሲጠብቅ ነው የሚበቃው?» አልኳቸው። ትንሽ አሰቡ። ከዚያ እጄን ይዘው ነዶው ላይ አስቀመጡትና «ጫን በለው» አሉኝ። ቀጥለው ላላ ያለ ሌላ ነዶ አስነኩኝ። ልዩነቱን እጄ ለየው። በቃል ንገረን ብትሉኝ ግን እኔም አልችልም።

ስውር እውቀት የሚባለው ይኸው ነው። ሰው ያውቀዋል፣ ይሠራበታል፣ ዘርዝሮ ግን ሊያስረዳው አይችልም። ሐሳቡን ያስተዋወቀው በሃንጋሪ የተወለደው የኬሚስትሪ ሊቅና ፈላስፋ ማይክል ፖላኒ ነው። በ1966 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ፣ መናገር ከምንችለው በላይ እናውቃለን ይላል። ምሳሌው የሰው ፊት ነው። የምናውቀውን ሰው ከሺህ ሰው መሀል እንለየዋለን። በምን እንደለየነው ግን እንጃ።

ይህ ነገር የኮምፒውተር ባለሙያዎችን ብዙ አስቸግሯል። ድሮ ለማሽኑ ሕግ ይጻፍለት ነበር፦ «እንዲህ ከሆነ እንዲህ አድርግ»። ሕጉን ባለሙያው ራሱ መናገር ካልቻለ ምን ይጻፋል? የዛሬው ሰው ሠራሽ አስተውሎት በሌላ መንገድ ይማራል። እልፍ ምሳሌ ይቀርብለታል። በተሳሳተ ቁጥር ውስጡ ያሉት ቁጥሮች በጥቂት በጥቂቱ ይስተካከላሉ። ውሎ አድሮ ፊት ይለያል። ለምን እንደለየ ግን ቁጥሮቹን አይቶ በቀላሉ የሚያስረዳ የለም። እኔን በጣም የገረመኝ ይሄ ነው። ማሽኑም የራሱ ስውር እውቀት አለው ማለት ነው!

ልዩነቱ እውቀቱ የመጣበት መንገድ ላይ ነው። እንደ ቻትጂፒቲ ያለ የቋንቋ ሞዴል በዋናነት የሚማረው ሰው ከጻፈው ነው። ደንገል ውኃ እየጠጣ እንደሚከብድ፣ ታንኳው ከሐይቁ ወጥቶ ፀሐይ ላይ መድረቅ እንዳለበት ሊነግራችሁ ይችላል፤ ተጽፏላ። በአማርኛ ደግሞ ኢንተርኔት ላይ ያለው ጽሑፍ ከእንግሊዝኛው ጋር ሲተያይ በጣም ጥቂት ነው። የሽማግሌው እጅ የሚያውቀው ግን በየትኛውም ቋንቋ ቢሆን ወረቀት ላይ አይሰፍርም።

አጠገባቸው አንድ ልጅ ገመድ ያቀብላል። ምንም አይጠይቅም። አንድ ነዶ ታስሮ ባለቀ ቁጥር እሱም መዳፉን ያሳርፍና ጫን ይለዋል።