በወረርሽኝ መጀመሪያ የመርከብ ሽርሽር፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

አዲስ ተላላፊ በሽታ ዜና ላይ መሰማት ሲጀምር ከሁሉ የሚከብደው መወሰን ነው። የሚታወቀው ትንሽ ነው። የሚወራው ብዙ ነው። ከወራት በፊት የመዝናኛ መርከብ ትኬት የቆረጠ ሰው በዚህ መሃል «ልሂድ ወይስ ልቅር?» እያለ ይጨነቃል። እ.ኤ.አ. በ2020 መጀመሪያ ኮቪድ-19 ሲነሣ ይህ ጥያቄ ብዙ ሺህ ሰዎችን አስጨንቋል። ያኔ ሰዎች ራሳቸውን ያጽናኑባቸው አባባሎች ሌላ ወረርሽኝ ሲመጣም መሰማታቸው አይቀርም። አሁን ረጋ ብለን ማሰብ በምንችልበት ጊዜ አንድ በአንድ ብናያቸው ይጠቅማል። እዚህ የምጠቅሳቸው ቀኖች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

«የተያዙት ሰዎች ገና ጥቂት ናቸው»

ከሁሉም የሚያሳስተው ይሄ ነው። ዜና ላይ የምናየው ቁጥር በሽታው የያዛቸውን ሰዎች ብዛት አይነግረንም። የሚነግረን ተመርምረው የተረጋገጠላቸውን ብቻ ነው። ኮቪድ የያዘው ሰው ምልክት እስኪታይበት በአማካይ 5 ቀን ገደማ ይፈጅ ነበር። እስከ 14 ቀን የቆየባቸውም አሉ። ከዚያ ሐኪም ጋ ይሄዳል። ይመረመራል። ውጤት ይጠብቃል። ቁጥሩ እኛ ጆሮ ሲደርስ አንድ ሁለት ሳምንት አልፎታል። በዚያ ላይ መጀመሪያ አካባቢ መመርመሪያው ራሱ አይበቃም። ብዙ አገሮች ይመረምሩ የነበረው ከተወሰኑ ቦታዎች የመጡ ሰዎችን ብቻ ነበር።

የግራንድ ፕሪንሰስን ጉዳይ እንይ። ይህች መርከብ ፌብሩዋሪ 21 ቀን 2020 ከሳን ፍራንሲስኮ ወደ ሃዋይ ስትነሣ በመላው አሜሪካ የታወቁት ታማሚዎች መቶ አይሞሉም ነበር። ያንን ቁጥር ብቻ ያየ ሰው «ምን አለበት?» ቢል አይፈረድበትም። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ግን መርከቧ ካሊፎርኒያ አጠገብ ባሕር ላይ እንድትቆይ ተደረገ። መመርመሪያውን ሄሊኮፕተር አመጣላት። መጀመሪያ ከተመረመሩት 46 ሰዎች 21ዱ ቫይረሱ ተገኘባቸው። ከነሱ 19ኙ የመርከቧ ሠራተኞች ነበሩ።

ሌላም ነገር አለ። የዛሬው ቁጥር ቢበዛ የምንሳፈርበትን ቀን ቢያሳየን ነው፤ የምንወርድበትን ቀን አያሳየንም። የታማሚዎች ቁጥር በየ3 ቀኑ እጥፍ ይሆናል ብንል ዛሬ 100 የነበረው በ12 ቀን 1,600 ይደርሳል። 12 ቀን ደግሞ አንድ ረዘም ያለ የመርከብ ጉዞ ማለት ነው። ስለዚህ «ስንት ሰው ተያዘ?» ከማለት ይልቅ «በምን ፍጥነት እየጨመረ ነው? ስንት ሰውስ እየተመረመረ ነው?» ብሎ መጠየቅ ይሻላል።

«ጓደኛዬ ባለፈው ሳምንት ሄዶ በሰላም ተመለሰ»

እሰየው! ግን ይህ ስለሚቀጥለው ጉዞ ብዙም አይነግረንም። ይችው ግራንድ ፕሪንሰስ ከሃዋዩ ጉዞ በፊት ወደ ሜክሲኮ ደርሳ ተመልሳ ነበር። የሜክሲኮዎቹ ተጓዦች ፌብሩዋሪ 21 ሻንጣቸውን እየጎተቱ ወርደው ወደየቤታቸው ገቡ። ያን ቀን ማንም ቢጠይቃቸው «በሰላም ተመልሰናል» ይሉ ነበር። ከቀናት በኋላ ግን ከመካከላቸው የታመሙ መገኘት ጀመሩ። የሞተም አለ። ያ ሁሉ ሲታወቅ የሃዋዮቹ ተሳፋሪዎች ባሕር መሃል ነበሩ፤ ከሜክሲኮው ጉዞ ሳይወርዱ የቀጠሉ መንገደኞችና ሠራተኞችም አብረዋቸው ነበሩ።

«ሲሳፈሩ ትኩሳት ይለካል፤ የታመመ ሰው አይገባም»

ትኩሳት መለካት ትኩሳት ያለበትን ይለያል። ቫይረሱ ያለበትን ሁሉ ግን አይለይም። በፌብሩዋሪ 2020 ጃፓን ወደብ ላይ ኳራንቲን (ለይቶ ማቆያ) በገባችው ዳይመንድ ፕሪንሰስ መርከብ ላይ 3,711 ሰዎች ነበሩ። 712ቱ ተያዙ። ከተያዙት ግማሽ ያህሉ ሲመረመሩ ምንም ምልክት አልነበራቸውም።

ግሬግ ሞርቲመር የምትባለው ትንሽ መርከብ ደግሞ የበለጠ ታስተምራለች። በማርች አጋማሽ ከአርጀንቲና፣ ከኡሽዋያ ተነሣች። ወረርሽኙ በበረታባቸው አገሮች ያለፈ ሰው እንዳይሳፈር ተከልክሏል። የሁሉም ሙቀት ተለክቷል። የእጅ ማጽጃው በየቦታው ተቀምጧል። የመጀመሪያው ትኩሳት የታየው በጉዞው በ8ኛው ቀን ነው። በመጨረሻ 217ቱ ሰዎች ሲመረመሩ 128ቱ ተይዘው ተገኙ። ከነዚህ ከአስሩ ስምንቱ ምልክት አልታየባቸውም። ጥንቃቄውን ያጓደለ አልነበረም፤ ወንፊቱ ራሱ ለዚህ በሽታ አልተሠራም።

የመሳፈሪያው ቅጽ ላይ «ያስልዎታል?» ለሚለው ጥያቄ መልሱ የተሳፋሪው ሐቀኝነት ላይ የተንጠለጠለ መሆኑንም አንርሳ። «አዎ» ያለ ሰው ሙሉ ክፍያው ሊቀልጥበት ይችላል።

«ቢከፋ ቢከፋ 14 ቀን ክፍሌ ውስጥ ተቀምጬ እወጣለሁ»

እዚህ ላይ ትንሽ ቆም እንበል። ብዙ ሰው ስለ ኳራንቲን ሲያስብ የሚታየው አልጋ፣ ፊልምና በር ድረስ የሚመጣ ምግብ ነው።

ርካሹ ካቢን መስኮት የለውም። አራት ግድግዳ፣ አልጋ፣ ጠባብ መታጠቢያ፣ አለቀ። መብራቱን ካጠፉት ቀትርና እኩለ ሌሊት አይለዩም። ዳይመንድ ፕሪንሰስ ላይ መስኮት አልባ ክፍል ውስጥ የነበሩት አየር ለማግኘት ማስክ አድርገው በተራ ለአጭር ጊዜ ወደ ላይኛው ወለል ይወጡ ነበር። የዘወትር መድኃኒታቸው ያለቀባቸው ሰዎች ብዙ ነበሩ። የደም ግፊት ወይም የስኳር መድኃኒት የያዘው ለጉዞው ቀናት ብቻ የሆነ ሰው ባሕር ላይ ሲያልቅበት ምን ያደርጋል? ይህን አስቀድሞ ያሰበ ጥቂት ነው።

14 ቀን የሚባለውም ቢሆን ሁልጊዜ 14 ቀን አይደለም። ክፍል የሚጋራችሁ ሰው ከተያዘ የእናንተ ቆጠራ እንደገና ከአንድ ይጀምራል። ከዚያች መርከብ በአውሮፕላን የተመለሱት አሜሪካውያን አገራቸው ከገቡ በኋላም ወታደራዊ ካምፕ ውስጥ ሌላ 14 ቀን ተቀምጠዋል።

ደግሞ ክፍሉ ውስጥ የሚቀመጠው ተሳፋሪው ብቻ ነው። ሠራተኛው ምግብ ያበስላል፣ ጋሪ እየገፋ በየበሩ ያድላል፣ ማታ ከባልደረባው ጋር በሚጋራው ጠባብ ክፍል ያድራል። ዳይመንድ ፕሪንሰስ ላይ መጀመሪያ ከታመሙት ሠራተኞች አብዛኞቹ ምግብ ቤት የሚሠሩት ነበሩ። ስለ መርከብ ኳራንቲን ሲወራ እነሱ ሲረሱ ማየት በጣም ያሳዝነኛል። ተሳፋሪዎች ወርደው ካለቁ በኋላም በብዙ መርከቦች ላይ ሠራተኞች ለወራት አገራቸው መግባት አቅቷቸው ነበር።

«ችግር ከመጣ ቅርብ ወደብ ገብተን እንወርዳለን»

ለእኔ ዋናው ነጥብ ይሄ ነው። አብዛኞቻችን አደጋውን የምንመዝነው «ይይዘኝ ይሆን?» ብለን ነው። ወረርሽኝ ሲጀምር ግን እኩል የሚከብድ ሌላ ጥያቄ አለ፦ ነገሩ ሲለወጥ የት ሆኜ ያገኘኛል? ከመርከቧ የምወርድበትንስ ቀን የሚወስነው ማነው?

ዌስተርዳም ፌብሩዋሪ 1 ቀን 2020 ከሆንግ ኮንግ ተነሣች። ፊሊፒንስ፣ ታይዋን፣ ጃፓን፣ ጉዋምና ታይላንድ አናስገባም አሏት። በመጨረሻ ካምቦዲያ ተቀበለቻት፤ ፌብሩዋሪ 13 ሲሃኑክቪል ወደብ ደረሰች። ይህ ሁሉ ሲሆን መርከቧ ላይ በሽታው የተረጋገጠበት ሰው አልነበረም። ጤነኛ መሆን ወደብ አያስከፍትም። ፍርሃት በቂ ነው።

የዛንዳም ደግሞ ይብሳል። ማርች 7 ከቦነስ አይረስ ወጣች። የዓለም ጤና ድርጅት በሽታውን ዓለም አቀፍ ወረርሽኝ ያለው ማርች 11 ነው። ጉዞው ቺሊ ላይ ያበቃ ነበር፤ ቺሊ ግን ተሳፋሪዎቹን አላወረደችም። ወደቦች አንድ በአንድ ተዘጉ። መርከቧ ላይ ሰዎች ታመሙ፤ አራት ሰዎች ሞቱ። በፓናማ ቦይ ለማለፍ እንኳ መጀመሪያ ተከልክላ በኋላ ነው የተፈቀደላት። ፍሎሪዳ፣ ፎርት ሎደርዴል የደረሰችው ኤፕሪል 2 ነው። ሲሳፈሩ ሕጉን የጣሰ የለም። ያን ቀን ጉዞው የተፈቀደ ነበር።

አብዛኞቹ ትልልቅ የመዝናኛ መርከቦች የሚመዘገቡት እንደ ባሃማስና ፓናማ ባሉ አገሮች ስም መሆኑንም ማወቅ ጥሩ ነው። ባሕር ላይ ችግር ሲመጣ የተሳፋሪው መንግሥት መርከቧን ማዘዝ አይችልም። መለመንና መደራደር ነው የሚችለው፤ ያ ደግሞ ጊዜ ይፈጃል።

«መርከቧ ላይ ሐኪም አለ»

አለ። ክሊኒክም አለ። ግን ክሊኒኩ የተዘጋጀው ለወደቀ፣ ሆዱን ላመመው፣ ልቡን ድንገት ለያዘው አንድ ሁለት ሰው ነው። አልጋው ጥቂት ነው፤ የመተንፈሻ መርጃ መሣሪያውም እንዲሁ። ብዙ ሰው ባንድ ጊዜ መተንፈስ ቢያቅተው የሚበቃ ነገር የለም። ሄሊኮፕተርም ከባሕር ዳርቻ በጣም የራቀ መርከብ ጋ አይደርስም።

«ቫይረሱ ካቢን ውስጥ 17 ቀን ይኖራል»

ይህ ደግሞ በተቃራኒው ያለልክ ያስፈራ ወሬ ነው። ዳይመንድ ፕሪንሰስ ላይ ገና ባልጸዱ ክፍሎች ውስጥ ሰዎቹ ከወጡ እስከ 17 ቀን በኋላ የቫይረሱ የዘረመል ቅሪት ተገኝቷል። ቅሪት ማለት ሰው የሚያሲዝ ሕያው ቫይረስ ማለት አይደለም። ዕቃ ሲወለውሉ መዋል ዋናውን ነገር ያስረሳል፤ በመተንፈሻ የሚተላለፍ በሽታ የሚያሰጋው አብሮ መብላቱ፣ አብሮ መጨፈሩ፣ በተዘጋ አዳራሽ አንድ አየር መሳቡ ነው።

«የሚገድለው ከመቶ አንዱን ነው፤ እኔን ብዙም አያሰጋኝም»

ከመቶ አንድ የሚባለው አማካይ ነው። አማካዩ ውስጥ የ25 ዓመት ወጣትም የ80 ዓመት አዛውንትም አሉ፤ የሁለቱ አደጋ ግን ሰማይና ምድር ነው። መርከብ ላይ ደግሞ አዛውንት ይበዛል። ዳይመንድ ፕሪንሰስ ላይ ከነበሩት ሰዎች ከግማሽ በላይ ዕድሜያቸው 60 እና ከዚያ በላይ ነበር።

ወጣት ነኝ የሚል ሰውም ሒሳቡ ራሱ ላይ አያልቅም። ሩቢ ፕሪንሰስ ማርች 19 አውስትራሊያ፣ ሲድኒ ስትደርስ 2,600 የሚያህሉ ተሳፋሪዎች የምርመራ ውጤት ሳይጠበቅ ወርደው ተበተኑ። ከዚያች መርከብ ጋር የተያያዙት ታማሚዎች ከ600 በላይ ሆኑ፤ 28 ሰዎች ሞቱ። እዚያው አውስትራሊያ፣ ታዝማኒያ ግዛት ውስጥ አንድ ሆስፒታል በወረርሽኙ ተጠቅቶ እስከ መዘጋት ደርሶ ነበር፤ መነሻው ከመርከቧ የወረዱ ሕሙማን ሳይሆኑ እንዳልቀረ ተደርሶበታል። እዚያ የታመሙት ነርሶች መርከቧን በዓይናቸው አላዩም።

«ከፍዬበታለሁ፤ ብቀር ገንዘቤ ይበላል»

ገንዘቡ ብትሄዱም ብትቀሩም ወጥቷል። መመዘን ያለበት ከዚህ በኋላ የሚመጣው ነው። ይህን ማለት ቀላል፣ ማድረግ ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ስንት ዓመት ተቆጥቦ የተከፈለ ገንዘብ ነውና።

ግን የሚደረግ ነገር አለ። በመጀመሪያ ኢንሹራንሱን አንብቡ። ብዙ የጉዞ መድን ወረርሽኝን አይሸፍንም። በሽታው በይፋ ከታወቀ በኋላ የተገዛ ደግሞ «ቀድሞ የታወቀ ነገር ነው» ተብሎ ውድቅ ሊሆን ይችላል። ፈርቶ መቅረትም «በማንኛውም ምክንያት መሰረዝ» የሚል ተጨማሪ ውል ከሌለ አይሸፈንም። ቀጥሎ የስረዛው ቅጣት የሚጨምርበትን ቀን ለዩ። ጉዞውን የሰረዘው ድርጅቱ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ገንዘብ ይመለሳል ወይም ለሌላ ጉዞ ይያዛል፤ የሰረዛችሁት እናንተ ከሆናችሁ ግን ቅጣት አለ። በማርች 2020 አጋማሽ ድርጅቶቹ ራሳቸው ጉዞ ሲያቆሙ፣ የቅጣቱ ቀን እስኪደርስ የታገሡ ሰዎች ከቸኮሉት የተሻለ ነገር አግኝተዋል። ቀኑ ደርሶ ድርጅቱ ዝም ካለ ግን ቅጣቱን ከፍሎ መቅረት ይሻላል ባይ ነኝ፤ በተለይ ዕድሜው ለገፋ፣ የቆየ ሕመም ላለበት፣ ወይም ቤት ውስጥ እንዲህ ያለ ሰው ለሚያስታምም።

ሁሉን መዝኖ የሚሄድም ይኖራል። እንግዲያው ቢያንስ የአንድ ወር ትርፍ መድኃኒት ከነማዘዣው ይያዝ። መስኮት ያለው ክፍል ይምረጥ። መልስ ጉዞው ቢዘገይ ልጆቹን ወይም ሥራውን ማን እንደሚይዝለት ሳይነሣ ይጨርስ። ሲመለስም፣ ምንም ባይሰማው እንኳ፣ ለሁለት ሳምንት አዛውንት ቤት አይሂድ።